አውራ ጣት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ባሕሩ ከፈቀደ፣
የቺሎኤ ጭጋግ ከላዩ ከሄደ፣
በጀልባ ተሻግሬ ከደሴቷ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ፤
ካርታና መጥረጊያ ከሚከማችበት ጓዳ ነው መሥሪያ ቤቴ፣
አንድ መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ ጥግ ላይ የራሰ ካፖርቴ።

ራዬን ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።
«ስምሽን ማን ልበል?» ስላት ዓይኖቿ ወደ ጫማዋ ይወርዳሉ፤
«ላዬን» ትለኛለች፣
ከገዛ ስሟ ደጃፍ ቆማ ማንኳኳት እንደፈራች።

«ምላስሽን አንሺው፣ ከጥርስሽ ጀርባ፣ ከድዱ ላይ፣
ንፊው አሁን፣ ይንቀጥቀጥ፣ እንደ ባንዲራ በነፋስ ላይ።»
ሃያ ደቂቃ ነው ያለን። ከዚያ ደወል። ከዚያ ጀልባ።
ቀሪው ስድስት ቀን የእኔ አይደለም።

ስለዚህ በስልኬ ቡድን ከፈትኩ፣ ለሦስት ሰው፦
እኔ፣ አክስቷ ኖልፋ፣ አባቷ ኤሌውቴሪዮ፣
አሥራ አራት ቀን ከቤቱ ከርሞ፣ አሥራ አራት ሌሊት
ከባሕር መሐል፣ ከሳልሞን ዓሣ ማርቢያ የሚያድረው።
አፌን ለካሜራ ከፍቼ የምላሴን አነሳስ ቀረጽኩ፣
ምራቄን ሳየው አፍሬ አጠፋሁት፣ ደግሜ ቀረጽኩ፣
አርባ ሰከንድ ድምፅ፣ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ በየማታው ላክሁ፦
«ከመኝታ በፊት አምስቴ በሉት፣ አብራችሁ፣ እየሳቃችሁ።»

ኖልፋ ትመልሳለች፤ ፊደሏ ቢንጋደድም ትመልሳለች።
ከአባትየው ግን አውራ ጣት ብቻ፣ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ፤
«ሰማህ?» ስለው አውራ ጣት፣
«ሞከራችሁ?» ስለው አውራ ጣት፣ ሌላ ቃል የለ።
እኔም ከልጅቷ መዝገብ ላይ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣
«አባት አይተባበርም» ብዬ አኖርኩበት።

ሰኔ ገባ፤ እዚህ ሰኔ ውርጭ ነው፤ ወደቡ ተዘጋ፣
ሦስት ማክሰኞ ሙሉ ጀልባ ሳይጠጋ።
አንድ ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልኬ ከትራሴ ሥር ተንቀጠቀጠ፦
አሥራ አንድ ሰከንድ ድምፅ።
መጀመሪያ ነፋስ። ጀነሬተር። ሰንሰለት ከብረት ሲጋጭ።
ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፣ ወፍራም፣ ጠንቃቃ፣
በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፦
«ላ... ላዬን።» ዝም። «ላዬን።»
ከዚያ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ነገር።
ወዲያው ጠፋ። «ይህ መልእክት ተሰርዟል» ይላል ስፍራው።
ሰምቼው ነበር።

ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ።
ሱቅ ገብቶ ዕቃውን በጣቱ የሚያሳየው፣
በወላጆች ስብሰባ ከበሩ አጠገብ የሚቆመው፣
ዓሣ ጥያቄ አይጠይቅምና ዓሣን የመረጠው፤
የሟች እናቱን ስም ለልጁ ያወጣ፣
ስሙ ግን በወጉ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልወጣ።
ለካ ልጅቷ ስሟን አልሳተችም፤
አባቷ እንደሚጠራት ነው የምትጠራው።

በነጋታው መዝገቡን ከፍቼ ያችን መስመር ሰረዝኳት፤
ቀለሟ እስካሁን በወረቀቱ ጀርባ ይታያል።
ለእሱስ ምን ልበል? ቀረጽኩ፣ ሰረዝኩ፣ ቀረጽኩ፣ ሰረዝኩ።
በመጨረሻ፦ «የጀልባህን ሞተር ድምፅ ላክልኝ፣ ለራዬን ላሰማት።»
ላከ። ሠላሳ ሰከንድ። ርርርርርርር፣
አንድም ቃል የለበት፤ ቃል አልጠየቅሁትም።

ኖልፋ እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ ስልኩን ከጉንጯ ለጥፋ
ሞተር ሆና ሰነበተች፣ በአልጋ፣ በደረጃ፣ በሾርባው ላይ፣
መጀመሪያ በከንፈሯ፣ ምራቅ እየረጨች፣
ኋላ በጉሮሮዋ፣
ኋላ፣ አንድ ማለዳ፣ ድመቷ እስክትደነግጥ፣ በምላሷ።

ትናንት ማታ ከቡድናችን አራት ሰከንድ ድምፅ ገባ፦
«ር... ርርራዬን። አባ፣ አሁን አንተ በል።»
ሁለት ሰማያዊ ምልክት፤ ሰምቷል።
አውራ ጣት ጠበቅሁ። አልመጣም።
ከስሙ ሥር ትንሽ ጽሑፍ በራች፦ ድምፅ እየቀረጸ ነው።
ጠፋች።
እየቀረጸ ነው።
ጠፋች።
ሻዬ ቀዘቀዘ፤ ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩትም።
እየቀረጸ ነው።